«የእኔ» ከምንለው ውስጥ «እኔ» የቱ ነው?

አልጋ ሥር የተገፋ ሻንጣ፣ ጓዳ ውስጥ በሲባጎ ታስሮ የተከመረ ማዳበሪያ፣ ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ሲኒ። የማንኛችንም ቤት ከእነዚህ አንዱን አያጣም። ታዲያ አንዱን አንስቶ ለመጣል ሲታሰብ ከሰውነታችን አንድ ነገር የሚቆረጥ የሚመስለን ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሆኑ ሁለት ድንቅ ታሪኮች በአንዲት ከተማ፣ በነቀምቴ ይገኛሉ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነቀምቴ የገባ እንግዳ ይህን ግቢ ሳያይ አይመለስም። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ የነበሩት የሞረዳ በከሬ፣ ከእሳቸውም በኋላ የልጃቸው የኩምሳ መኖሪያ ነበር። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ በደጃዝማችነት ማዕረግም አገራቸውን ለረጅም ዘመን አስተዳደሩ። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው ቤቱን ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ወረቀቱ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባና በነቀምቴ መካከል ብዙ ደብዳቤ ተመላልሷል፤ ስለ ወርቅ ግብር፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ አገር አስተዳደር። ደብዳቤው ተነበበ፣ ትእዛዙ ተፈጸመ፣ የወረቀቱ ሥራ አለቀ። ያኔ እሳት ማቀጣጠያ ቢሆን ማንም አይፈርድም ነበር። ነገር ግን ተቀመጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ኢትዮጵያዊው የታሪክ ምሁር ተሰማ ታአ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያሉትን የወለጋ ሰነዶች አሰናድተው አሳተሙ። በዚህ ምክንያት ያንን ዘመን ከአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ከነቀምቴም ሆነን ማየት ቻልን።

ይህን የሰማ፣ ዕቃ መጣል የማይሆንለት ሰው ሁሉ «አላልኳችሁም!» ይላል። እውነት አለው። ሁለተኛውንም ታሪክ ግን ስሙት።

አስቴር ጋኖ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነጻ ሆና ብትወለድም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ዳረጋት። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ተሻግራ ልትሸጥ በተጫነችበት ጀልባ ላይ የጣሊያን መርከቦች ደርሰው አስጣሏት፤ ከዚያም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። በባርነት የሚነዳ ልጅ ሻንጣ የለውም። የእናቱን ነጠላ፣ የአያቱን በትር የሚይዝበት እጅ የለውም። አስቴር ግን ብዕር ባገኘች ጊዜ ከገዛ ትዝታዋ 500 ያህል የኦሮምኛ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን፣ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ብዙዎቹ እሷና ኦኔሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁት፣ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ኦኔሲሞስም እንደሷ በልጅነቱ ተሸጦ በኋላ ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእሱና የእሷ ድካም ፍሬ ነው። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጥተው ነቀምቴ ላይ ማስተማር ጀመሩ። አንድም ዕቃ ሳይቀርላት ከአገሯ የተወሰደች ልጅ፣ ሴት ሆና ስትመለስ የያዘችው ሀብት ጓዳ ሙሉ ማዳበሪያ አይችለውም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቤተ መንግሥቱ ወረቀቱን ጠበቀ፤ አስቴር ቃሉን ጠበቀች። የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አይቃረኑም። በሁለቱም ቦታ ዋጋ ያለው ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ደብዳቤዎቹ አንዴ ከታተሙ በኋላ ቃላቸው ከወረቀቱ ተላቅቆ በራሱ መኖር ጀምሯል። በየቤታችን ያለው ዕቃም እንዲሁ በውስጡ አንድ ነገር ይዟል፤ ትዝታ፣ ፍቅር፣ ሊሠራ የታሰበ ሥራ፣ ወይም ክፉ ቀን ይመጣል የሚል ስጋት። ዕቃ መጣል የሚያቅተው ሰው ጭንቀቱ ሁሉ ያረፈው ይህን ውስጠኛውን ነገር ከዕቃው መለየት ላይ ነው። መለየት ግን ይቻላል።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ነገሩን ካስተዋሉት ቆይተዋል። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ፣ የሰው ማንነት ሰውነቱና ሐሳቡ ብቻ እንዳልሆነ፣ ልብሱን፣ ቤቱን፣ ቤተሰቡን፣ የእኔ የሚለውን ሁሉ እንደሚጨምር ጻፈ። ራስል ቤልክ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ1988 ባወጣው ጽሑፍ ንብረታችን የተዘረጋው ማንነታችን ነው አለ። ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ከገንዘቡ በላይ እንደተደፈረ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሦስት ተመራማሪዎች፣ ካነማን፣ ክኔችና ቴለር፣ በ1990 ያወጡት ሙከራ ደግሞ ይህ ስሜት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚበቅል ያሳያል። ለግማሽ ያህሉ ተማሪዎች ተራ የሸክላ ኩባያ ሰጡ፤ ለቀሩት አልሰጡም። ከዚያ ያላቸው በስንት እንደሚሸጡት፣ የሌላቸው በስንት እንደሚገዙት ተጠየቁ። ሻጮቹ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት እጥፍ ያህል ሆነ። ኩባያው ከእጃቸው ከገባ ገና አልቆየም ነበር! ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ለአሮጌው ራዲዮ የሚሰጠን ዋጋ ሁልጊዜ ስድብ የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። እሱ የሚያየው ሽቦና ፕላስቲክ ነው፤ ራዲዮው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ ያሰላል። እኛ የምንሸጥለት የራሳችንን ቁራጭ ነው።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ዴቪድ ቶሊንና ባልደረቦቹ በ2012 ያወጡት ጥናት ነው። ዕቃ የመከመር ችግር ያለባቸው ሰዎች አንጎላቸው በመሣሪያ እየታየ ወረቀት ይቀርብላቸው ነበር፤ ግማሹ የራሳቸው፣ ግማሹ የሌላ ሰው። ይቀመጥ ወይስ ይቀደድ? የሌላ ሰው ወረቀት ሲቀርብ፣ አንድ ነገር አስፈላጊ መሆኑን የሚመዝነው የአንጎላቸው ክፍል ከሌሎች ሰዎችም ያነሰ እንቅስቃሴ አሳየ። የራሳቸው ሲቀርብ ያው ክፍል ከልክ በላይ ነደደ። አስቡት፤ ስንፍና አይደለም፣ ግድየለሽነትም አይደለም። ዕቃውን «የእኔ» ከሚለው ቃል ጋር ያሰረው ቋጠሮ ነው የሚጠብቀው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ጊምቢ ነው እንበል። ባለቤታቸው ያረፉ እናት አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ አዴ እያለ የሚያከብራቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። ጓዳው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ማዳበሪያዎች ቆመዋል። አንዱ ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነው። አንዱ የልጆቹ የአንደኛ ደረጃ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በላብ የተጠቀለለ፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ያለበት። ሌላው ውስጥ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ጨርቁ ተቀዶ ሽቦው የቀረ ጃንጥላ፣ ያለፉ ዓመታት የግድግዳ ካላንደሮች ተጠቅልለው፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ አንቴናው የተሰበረ ራዲዮ አለ። ልጅቱ ለመስቀል ትመጣለች፤ ነጠላዋን አሸርጣ ጓዳውን ልታጸዳ ትነሣለች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ቅራቅንቦ ምን ያደርግልሻል?»

«ተይው! እሱ የአባትሽ ነው።»

ልጅቱ የምታየው የማይሠራ ራዲዮ ነው። እናት የሚሰሙት ማታ ማታ ዜና ሲጀምር «ዝም በሉ እስቲ» የሚለውን የባላቸውን ድምፅ ነው። ቶሊን በመሣሪያ ያየው ነገር እዚህ ጓዳ ውስጥ ሁለት ሴቶች መካከል ቆሟል። ልጅቱ የእናቷን ዕቃ ለመጣል የማይከብዳት ጎበዝ ስለሆነች ሳይሆን የእሷ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ደግሞ የማትለብሰው ልብስ ቁም ሳጥኑን ሞልቶ ይሆናል፤ እናትየው ቢያዩት በአንድ ቀን ለዘመድ አከፋፍለው ይጨርሱት ነበር።

እነዚህ ማዳበሪያዎች ደግሞ ሁሉም በአንድ ምክንያት የተቀመጡ አይደሉም። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው። ራዲዮው ትዝታ ነው። ሃይላንዱ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ነው፤ ዘይት ሊቀዳበት፣ ማር ሊላክበት። ደብተሩ እናትነት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ልጅ ያስተማሩበት ምስክር። ጃንጥላው «ይሠራል» ተብሎ የቆየ ዕቅድ ነው። ምክንያቱ ፍቅርም ሊሆን ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሆመርና ላንግሊ ኮልየር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ሆመር ዓይኑ ጠፋ። ላንግሊ ታዲያ ወንድሜ ዓይኑ ሲበራለት ያለፈውን ሁሉ ያነብበዋል ብሎ ጋዜጣ ማስቀመጥ ጀመረ። በ1947 ሁለቱም እዚያው ቤት ውስጥ ሞተው ሲገኙ ከቤቱ የወጣው ዕቃ ከ100 ቶን በላይ ነበር። ላንግሊን የገደለው ራሱ የከመረው ክምር ነው። ያ ሁሉ ጋዜጣ የወንድም ፍቅር ነበር።

በወለጋ ደግሞ ሌላ የምንማርበት ነገር አለ፤ ምስጥ። በተለይ በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በነጆ በኩል፣ ምስጥ ሰብልም ቤትም የሚያጠፋ የታወቀ ችግር ነው። አፈር ወለል ላይ ለዓመታት የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ቀለሙ አለ፣ ቁልፉ አለ። ለማንሣት ሲሞከር ግን ከሚገባው በላይ ይቀልላል። ክዳኑ ሲከፈት የላይኛው ልብስ እንደታጠፈ ነው፤ እሱ ሲነሣ ከሥሩ እርጥብ ቀይ ጭቃ፣ በጭቃው ውስጥ የቁልፍና የዚፕ ብረት ብቻ ይገኛል። ለትዝታ የተቀመጠው ጋቢ ማንም ሳያውቅ አልቋል።

ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። የኩምሳ ሞረዳ ደብዳቤዎች ከጓዳው ማዳበሪያ የሚለዩበት ቦታ እዚህ ስለሆነ ነው። ዕቃ ስለተቀመጠ ብቻ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ነገር ቁጥሩ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል፣ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ይሞቃል፣ ለልጅ ልጅ ይታያል። ሰው አምስት ዕቃ በዚህ ዓይነት መጠበቅ ይችላል፤ ምናልባት ሃያም። አምስት መቶ ግን አይችልም። ሁሉን የያዘ ሰው አንዱንም አይጠብቅም፤ ከሁሉም ጋር ያለውን ዝምድና ያጣል።

የትኛው ነው ታዲያ ሕመም የሚባለው? ቋጣሪ መሆን ሕመም አይደለም፤ ጣሳ አጥቦ ማስቀመጥ የእናቶቻችን ጥበብ ነው። ስስትም ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃ የሚከምሩ ብዙ ሰዎች እጅግ ቸሮች ናቸው፤ «ለእገሌ ይሆናል» እያሉ ነው የሚያስቀምጡት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የመከመርን ሕመም ራሱን የቻለ አድርጎ መዘገበው፤ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መዝገብም ውስጥ አለ። ምልክቱ ዕቃው ዋጋ ኖረውም አልኖረውም ለመጣል መቸገር፣ ሲጣል መታመም፣ ክፍሎቹ ለተሠሩበት ሥራ እስከማይውሉ መሞላት ነው። ምድጃው ላይ ማብሰል ካልተቻለ፣ አልጋው ላይ ካልተተኛ፣ በሩ ካልተከፈተ ነገሩ ከቁጠባ አልፏል። በአብዛኛው በሀብታም አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከመቶ አዋቂ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ፤ በወጣትነት ይጀምርና ዕድሜ ሲገፋ ይብሳል።

ብዙዎቻችን «ችግር ያየ ሰው ነው የሚከምረው» እንላለን። ራንዲ ፍሮስት ከአንድ ባልደረባው ጋር በ1993 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ፈትሾ የልጅነት ድህነት ከመከመር ጋር ሲያያዝ አላገኘውም። ይልቅ ከሐዘን፣ ከመለየት፣ ከድንጋጤ በኋላ ዕቃን የሙጥኝ የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ ለወለጋ ሰው ባዕድ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ፣ በሆሮ ጉዱሩና በአዋሳኝ አካባቢዎች ስንት ቤተሰብ ምጣዱን እሳት ላይ ትቶ ሸሽቷል። እንዲህ ያለፈበት ሰው ዛሬ አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የጆንያ ቁራጭ ከእጁ አልለቅም ቢል ማንም «ኮተታም» ሊለው አይገባም። በሽታም አይባልም። ለእሱ ያ ድስት ቤት ነው፤ ሌላ ቤት እስኪቆም ድረስ ይያዘው።

ጓዳው ወደሞላው ቤት እንመለስና ምን ይደረግ? መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር፤ እናት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ ጠራርጎ መጣል። ይህ ሁልጊዜ የሚሞከር፣ ሁልጊዜም የሚከፋ ነገር ነው። በግድ ቤታቸው የተጠረገባቸው ሰዎች ሐዘኑ እንደ ሰው ሞት ይከብዳቸዋል፤ ቤቱም መልሶ ይሞላል። በዚያ ላይ ልጅና እናት ይቀያየማሉ።

የሚሠራው ውስጠኛውን ነገር መጀመሪያ ማውጣት ነው። ካረን ዊንተሪችና ባልደረቦቿ በ2017 ያወጡት ጥናት ልቤን ሞልቶታል። በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስድስት የተማሪ ማደሪያዎች ውስጥ ዕቃ እንዲለግሱ ማስታወቂያ ለጠፉ። በአንዳንዶቹ ሕንፃዎች ውስጥ ዝም ብሎ «ለግሱ» ነበር የተባለው፤ በሌሎቹ ደግሞ ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀሩና ዕቃውን ለግሱ ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ 533 ዕቃ ተሰበሰበ፤ ከሁለተኞቹ 613። ሰዎቹ ዕቃውን የያዙት ማንነታቸው እንዳይጠፋ ነበር፤ ፎቶው ያንን ስጋት አቀለለላቸው። አስቴር ጋኖ በቃል፣ ታሪክ ጸሐፊዎቹ በኅትመት ያደረጉትን ሁላችንም በስልካችን ማድረግ እንችላለን።

ስለዚህ ልጅቱ ከመጥረጊያው በፊት ስልኳን ታውጣ። ራዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ቡና አፍልታ፣ «እማዬ፣ አባዬ ይሄን የት ነው የገዛው?» ትበላቸው። ትቅረጽ። ራዲዮው ከነታሪኩ ከተቀረጸ በኋላ እናትየው ራሳቸው «በቃ፣ ለሠሪው ስጪው» ሊሉ ይችላሉ፤ ላይሉም ይችላሉ። ካላሉ ራዲዮው ከማዳበሪያው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የሚወደድ ዕቃ ከሃይላንድ ሥር አይቀበርም።

«ያስፈልጋል» ተብሎ ለተቀመጠው ደግሞ እኛ ጋ ትልቅ መፍትሔ አለ፤ ዕድር። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑና ብርጭቆው እዚያ ነው። ስድሳ ሰው የሚቀበል ሳህን እያንዳንዱ ቤት ማስቀመጥ የለበትም፤ አያቶቻችን ይህን አብረው ፈትተውታል። ቤት ውስጥ ያለውን ትርፍ ድስት ለዕድሩ መስጠት «ጠፋ» አያሰኝም፤ ሲያስፈልግ የት እንዳለ ይታወቃል። ለሟች ልብስም ሥርዓት አለን። ለቅሶ ላይ ፎቶው ተይዞ፣ ልብሱ ተይዞ ይለቀሳል፤ ከዚያ በኋላ ልብሱ ለዘመድ ወይም ለነዳያን ይሰጣል። ዕቃው በአደባባይ ተሰናብቶ ወደሌላ ሰው ጀርባ ይሄዳል። በየጓዳው የቀረው ይህ ስንብት ሳይደረግለት የቀረው ነው።

ውሳኔው የባለቤቱ ይሁን፤ ጥያቄው ግን ሊረዳ ይችላል። «ይሄ የጎረቤት ዕቃ ቢሆን ምን ትመክሪያት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ቋጠሮውን ለአፍታ ላላ ያደርገዋል። ለባሰበት ሰው ደግሞ ሕክምና አለ። ሐኪሙ ከሰውየው ጋር ተቀምጦ አንድ አንድ ዕቃ እያነሡ መወሰንን ያለማምደዋል፤ ወራት ይፈጃል፤ ብዙዎችን ያሻሽላል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ በመጀመሪያው ቀን የአባትን ካፖርት አትንኩ፣ ደብተሩንም አትንኩ። ከሃይላንዱ ጀምሩ፤ አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ ሰዓት፣ እናት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «እሱ ይሂድ፣ እሱ ይቆይ» እያሉ። ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ገና ቢቀርም፣ አቁሙና ምሳ ብሉ።